በስንጥቁ ላይ የቀባሁት ሰም

እኛ ያለነው ከይጁቤ ወረድ ብሎ ነው። ድሮ በእኛ መንደርና በማዶው መካከል አንድ ወንዝ ብቻ ነበር። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን እንሻገረዋለን፤ ክረምት ሲገባ ይሞላና ማንም አይደፍረውም። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት በዚያ ወንዝ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ገና አልጎደለም ነበር። ዛሬ ይጎድላል ነገ ይጎድላል እየተባለ ጥቅምት አለቀ። ከዚያ እናቴ «ይብቃሽ፣ ዘንድሮ ቤት ዋይ» አለችኝ። በዚያው ቀረሁ።

አሁን ወንዙ የለም። ለመስኖ ተብሎ ተገደበና ሸለቆው በሙሉ ውኃ ሆነ። እስከ ስምንተኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ማዶ ቀረ። ግድቡን በእግር ዞሮ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጀልባ መጣልን። ነጭ ናት፤ አሥር ሰው ትይዛለች፤ በገበያ ቀን እህልም ትጭናለች። ከእንጨት ወይም ከደንገል ሳይሆን ከፋይበር የተሠራች ስለሆነች ሰዉ «ፋይበሯ» ይላታል። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። በየቀኑ ጠዋት በዚያች ጀልባ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ በዚያችው ትመለሳለች።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ስለሚያውቀው አልደብቀውም። ቤቴን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ በሩን ደግሜ እገፋዋለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ውኃ ዳር ሲያድር ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል። ዋና የሚችል ሰው በአገራችን የለም። ልጄ ስትሳፈር ዳር ላይ ቆሜ ጀልባዋ ማዶ እስክትደርስ ድረስ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ነፋስ በሌለበት ቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ይበቃል። ነፋስ ካለ ሃያም ሃያ አምስትም ይደርሳል። ሰው እንዳያየኝ ከንፈሬን አላንቀሳቅስም።

የመጀመሪያዋን ስንጥቅ ያየኋት ከመስቀል በኋላ ነው። ጀልባዋ ከውኃው ወጥታ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ተቀምጣለች። ከፊተኛው ጫፏ አጠገብ፣ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደ ዙሪያው የተበተኑ ቀጫጭን መስመሮች አየሁ። የሸረሪት ድር መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ሞከርኩ። አልተጠረገም። ጥፍሬ ያዘበት።

ጀልባዋን የሚቀዝፉት ሰውዬ መሬታቸው ግድቡ ሥር የቀረባቸው ገበሬ ናቸው። ልጆቹ «ካፒቴን» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ ኋላ ስማቸው ሆነ።

«ጋሼ፣ ይችን አይተዋታል?» አልኳቸው።

«የቷን?»

«ስንጥቋን።»

ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «እሷማ ቀለም ናት። ቀለሟ ነው የተሰነጠቀ እንጂ ጀልባዋ አልተሰነጠቀች።»

«ቀለም እንዲህ ይሰነጠቃል?»

«እታለም፣ የኔ ተረከዝ ከዚህ የባሰ ተሰንጥቋል። እስካሁን ውኃ አላስገባሁም።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። ልጄም ሳቀች፤ ሳቀችና ወጥታ ተቀመጠች። ጀልባዋን ገፏት። እኔ አባታችን ሆይ ጀመርኩ፤ ግን ስንተኛው ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ።

በማግስቱ የልጄን እስክሪብቶ ይዤ ወረድኩ። ሰው ሳይመጣ በሆዴ ተኝቼ የጀልባዋን ሆድ አየሁ። ከታችም አለ። የታችኛው እንደ ላይኛው የተበተነ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። የእያንዳንዷን ጫፍ በነጥብ ምልክት አደረግሁባት። በሳምንቱ ሳያት አንዷ ነጥቡን አልፋ ሄዳለች፤ የጤፍ ፍሬ ያህል ብቻ። በሌላው ሳምንት የስንዴ ፍሬ ያህል ሆነች። ነጥቡን ውኃ ሲያጥብብኝ ጊዜ በልጄ አሮጌ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ጀልባዋን ሣልኳት። ሥዕል አላውቅም፤ የጫማ ሶል መስላ ወጣች። ስንጥቆቹን ግን አንድም ሳላስቀር በየቦታቸው አኖርኳቸው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ለማንም አልተናገርኩም። ጀልባዋ ትሰጥማለች ብዬ ብጮህና ሰው ቢያምነኝ ጀልባዋ ትቆማለች፤ ጀልባዋ ከቆመች ደግሞ ልጄ እንደኔ ትቀራለች። ዝም ካልኩ ትሳፈራለች። የቱ እንደሚያስፈራኝ በየቀኑ ይለዋወጥብኝ ነበር። ጠዋት ውኃው ያስፈራኛል። ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ተመልሳ ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና ሳያት፣ ከውኃው ይልቅ መቅረቷ ያስፈራኛል።

ባለቤቴ ሦስት የንብ ቀፎ አለው። ከማሩ የሚተርፈውን ሰም እያነጠርኩ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምሠራ እኔ ነኝ። የሚያንጠባጥብ እንስራ በሰም ሲደፈን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አንድ ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከውኃው ላይ ሳይነሣ፣ እፍኝ የምታህል ሰም በጉያዬ አሙቄ ወረድኩ። ከላይም ከታችም፣ በደብተሩ ላይ ባለው ሥዕል እየተመራሁ፣ እያንዳንዷን ስንጥቅ በአውራ ጣቴ ደፈንኳት። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኳት። ስነሣ ጀልባዋ እንደመጣችበት ቀን ነጭ ሆናለች። አንድም መስመር አይታይም።

ሦስት ቀን ደኅና ነበርኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ስትሳፈር ስንጥቋን ልፈልግ ጎንበስ አልኩ። በፊት ስንጥቋ እስከየት እንደሄደች አውቅ ነበር። አሁን ከሰሙ ሥር ምን እየሆነች እንደሆነ ማየት አልችልም። የደፈንኩት ስንጥቁን ሳይሆን የገዛ ዓይኔን ነው። ላስለቅቀው ብፍቀው ደግሞ ሰሙ በጥፍሬ ይሳባል እንጂ ከውስጥ አይወጣም።

በዚህ መካከል ሌሎች ስንጥቆች ከሰሙ ውጭ ታዩ። አሁንስ ካፒቴንም አልቀለዱም። የጀልባዋ ኮሚቴ ተሰብስቦ ከባሕር ዳር፣ በሐይቁ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን የሚጠግን ሰው ይምጣ አለ። ሰውየው በደብረ ማርቆስ አድርጎ አንድ ቦርሳና ሁለት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝምተኛ ነው፤ ጀልባዋን ሦስት ጊዜ ዞራት። ከዚያ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ጎኗን እያንኳኳ ጆሮውን አዘነበለ። ይህስ አልጠፋኝም፤ ይጁቤ ገበያ ገንቦ ስገዛ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ጤነኛው ቃ ቃ ይላል፤ ሕመም ያለበት ደብ ደብ ይላል። ከሁለት ቦታ በቀር ሁሉም ቃ ቃ አለ።

«አጥንቷ ደኅና ነው» አለ ጠጋኙ። «የተሰነጠቀ በአብዛኛው ጄልኮቱ ነው።»

«ምኑ?» አሉ ካፒቴን።

«ጄልኮቱ። ከፋይበሩ በላይ ያለው ጠንካራ ነጭ ልባስ። ፋይበሩ ይለመጣል፤ ይኸኛው ግን አይለመጥም፤ ሲያስገድዱት ይሰነጠቃል። ስስ ሲሆን ይሻላል፤ ወፍራም ከሆነ ይብስበታል።»

«ጄልኮት ማለት እንግዲህ የጀልባ ኮት ማለት ነዋ» አሉ ካፒቴን ወደ እኛ ዞረው። «እኔ ይኸው በስድሳ ዓመቴ ኮት የለኝም፤ እሷ ለብሳ ትቀደድብኛለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደራችን የጀልባ ኮት ነው የሚባለው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ካፒቴን ያን ቀን «ቀለሟ ነው» ያሉት እውነት ሊሆን ነው፤ «እንግዲያስ አያሰጥምም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጠጋኙ ጥያቄዬን አልናቀውም። «ዛሬ አያሰጥምም፣ እትዬ። ግን ኮቱ ከተቀደደ ፋይበሩ ውኃ ይጠጣል። ውኃ የጠጣ ፋይበር እያደር ይላላል፤ የላላ ደግሞ አንድ ቀን ይለቃል። መቼ እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም።»

መቼ እንደሆነ ማንም አይነግርዎትም ያለው እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

መሥራት ከመጀመሩ በፊት ቀና ብሎ «እዚህ ላይ ማንም የቀባው ነገር አለ? ዘይት፣ ቅባት፣ ማንኛውም ነገር?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዉ ሁሉ የለም አለ። ካፒቴንም «ከውኃ በቀር የነካት የለም» አሉ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። ከተናገርኩ የሕዝብ ጀልባ ያበላሸች እባላለሁ። ደግሞ ለራሴ፣ ሰም ምን ያደርጋል፣ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ ክፉ አያመጣም አልኩ። እሱም ጎንበስ ብሎ መፋቅ ጀመረ። ስንጥቁን በስለታም ብረት እንደ ትንሽ ቦይ ከፈተው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ አንድ ጨርቅ አሴቶን በሚሉት ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ነክሮ ጠረገው። ከዚያ ጄልኮቱን ከማድረቂያው ጠብታ ጋር አዋሕዶ ሞላው። እኔ የማየው ጨርቋን ነበር። ያችው አንዲት ጨርቅ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው ስትሄድ፣ የቀባሁትን ሰም ይዛ እየዞረች እንደሆነ ገባኝ። አሁንም ዝም አልኩ።

በስምንተኛው ቀን ተላጠ። ጠዋት ጀልባዋን ሲያወጧት፣ የተሞላው ሁሉ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ እየተነሣ ነው። አንዲት ሴት በጣቷ ሳበችው፤ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ሙሉውን መጣላት። ፋይበሩ ባዶውን ሆኖ ከሥሩ ታየ።

«አታሎን ሄደ» አለ ሰዉ። «ኖራ ቀብቶልን ነው የሄደ።»

ካፒቴን ስልክ ደወሉለትና ያልሆነ ቃል ተናገሩት። ኮሚቴው ደግሞ ነገሩ እስኪጣራ ማንም እንዳይሳፈር አለ። ጀልባዋን ከአጣናው ላይ በገመድ አሰሯት።

ልጄ ሁለት ቀን በእግሯ ዞራ ሄደች። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ትደርሳለች። በመንገዱ አንድ ጥሻ አለ፤ ሰው አይኖርበትም። ሁለቱንም ቀን እስከ ጥሻው ሄጄ ተቀበልኳት። በሦስተኛው ቀን ልቤ አልቻለም፤ «ጀልባዋ እስክትሠራ ቤት ዋይ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን ቃል እንደሆነ አወቅሁት።

ደብተሮቿን ከፌስታሉ እያወጣች ከመደቡ ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ሳታየኝ፣

«እማዬ፣ አንቺ ከስንተኛ ክፍል ነው የቀረሽ?» አለች።

«ከአራተኛ።»

«ቀረሁ ብለሽ ነው የቀረሽ? ወይስ ዛሬ ነገ ሲባል ቆይተሽ ነው?»

ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ።

ካፒቴን ከቤታቸው ደጅ የበሬ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ የጠጋኙን ስልክ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ደግሞ አንቺ ልትሰድቢው? ከኔ የተረፈ ስድብ አለሽ?»

«ልነግረው ነው። ሰም የቀባሁት እኔ ነኝ።»

መጥረቢያው እጃቸው ላይ ቆመ። «የምን ሰም?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እስክሪብቶውንም፣ ደብተሩንም፣ በጉያዬ ያሞቅኩትንም። ሲሰሙ ቆይተው መጥረቢያውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ትከሻዬን አጥብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን ደውለው በእጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ሃሎ» አለ ጠጋኙ። ድምፁ የተከፋ ነው።

«የይጁቤዋ ጀልባ ናት» አልኩ። ስሜን መናገር እንኳ ረሳሁ። «ያን ቀን የቀባው ሰው አለ ወይ ብለህ ነበር። አለ። እኔ ነኝ። የንብ ሰም ነው።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። «የት የት ላይ ቀቡት?» አለ በመጨረሻ።

«ሁሉም ላይ።»

«ሁሉም ላይ» አለና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እትዬ፣ እኔ እኮ እጄ ነው የተበላሸ፣ ማድረቂያው ነው ያለፈበት እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩ። ሰም ባለበት ላይ ምንም አይዝም። ስፍቀውም በፍትጊያው እየቀለጠ ጠልቆ ገብቶ ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ሌላ አሠራር ነበረው።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምንን?»

«ሁሉንም» አልኩት።

በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ። ሰዉ ወሬውን ከእሱ በፊት ሰምቶ ዳሩ ላይ ሞልቷል። ካፒቴን ተቀብለውት «ሌባ ያልነው አንተን ነበር፤ የኛዋ ተገኘች» አሉት። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ «ጧፍ አድርጋ ልታበራት ነበር እኮ» አለች። ጆሮዬ ጋለ። ግን ቆምኩ። ደብተሩንም ሰጠሁት።

ጠጋኙ ገጹን ከፍቶ ብዙ ቆየ። የጫማ ሶል በመምሰሏ የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጣቱን በሥዕሉ ላይ ወደ ጎን ሳበ፤ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ።

«እዩት። ከጫፏ ላይ ያለው እንደ ኮከብ የተበተነው ምት ነው። ድንጋይ ወይም ጉቶ መትቷታል። አንድ ጊዜ ነው፤ አልፏል። እኒህ መስመሮቹ ግን ምት አይደሉም፣ ጫና ናቸው። ደግሞ በሁለት ቦታ ብቻ ናቸው፤ መሐሉ ንጹሕ ነው። የተሰነጠቀው ሁሉ ነጭ በነጭ ስለሆነ ዓይኔ አልለየውም ነበር፤ እርስዎ ለይተውታል። ጀልባዋ ዳር ስትወጣ ምን ላይ ነው የምትቀመጥ?»

ሁላችንም ወደ አጣናዎቹ አየን። ሁለት ናቸው፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ።

«ለገበያ ቀን እንዴት ነው የምትጭኗት?»

«እንደ ማንኛውም ነዋ» አሉ ካፒቴን። «እዚሁ እንጭናትና እንገፋታለን።»

«ከውኃው ሳትገባ?»

«አህያ ደጅ ተጭና አይደል መንገድ የምትጀምር? ከወንዝ መሐል ቆማ የተጫነች አህያ አይተህ ታውቃለህ?»

ጠጋኙ ጫኑልኝ አለ። አራት ኩንታል ጤፍ ለገበያ የመጣ ነበረ፤ እንደወትሮው ጫኗት። እሱ ከአንድ ጎን በሆዱ ተኛ። «እትዬ፣ እርስዎም ይምጡ» አለኝ። ከሌላው ጎን ተኛሁ። ያየሁትን እንኳን ለሌላ ለራሴም ደግሜ መናገር ይከብደኛል። አራተኛው ኩንታል ሲወርድባት፣ ከተላጠው ቦይ ጫፍ የቀረች ፀጉር የምታህል መስመር እንደ ከንፈር ተከፈተች። ጤፉን ሲያወርዱት መልሳ ገጠመች። በየገበያው ቀን፣ እኔ ዳር ቆሜ አባታችን ሆይ ስል፣ እንዲህ ስትከፈትና ስትገጥም ኖራለች። እኔ የፈራሁት ውኃውን ነበር። ጉዳቱ ግን ውኃው ሳይነካት፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከዓይናችን ሥር ነው የሚደርስባት።

«ውኃ ላይ ስትሆን ውኃው ሁሉንም ቦታዋን እኩል ይሸከምላታል» አለ ጠጋኙ አቧራውን እያራገፈ። «አጣናው ግን ሁለት ቦታ ነው የሚወጋት። ይህ ካልቀረ ሺህ ጊዜ ብሞላው መልሶ ይሰነጠቃል።»

ካፒቴን ጢማቸውን አሹ። ከዚያ አጣናዎቹን በእግራቸው ገፉ። ወንዶቹ ሄደው በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልተው አመጡ፤ ለጀልባዋ እንደ ፍራሽ አነጠፉላት። በአሸዋው ላይ ገልብጠዋት ሥራው ተጀመረ።

ሰሙን የማስወገዱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የት እንዳለ የማውቅ እኔ ነኝ። መጀመሪያ በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠረግሁ፤ አንድ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይጣላል። የተጣለ ጨርቅ ተመልሶ ቢነካ ሰሙን መልሶ መቀባት ነው። አንድ አሮጌ ነጠላ በሙሉ ቀድጄ ጨረስኩ። አንዱን ስንጥቅ ጨርሻለሁ ብዬ ከተነሣሁ በኋላ ተመልሼ ደግሜ እጠርገዋለሁ። ካፒቴን «በቃ፣ ቆዳዋን ላጥሻት» ይላሉ፤ ጠጋኙ ግን «ተዋቸው፣ ይጥረጉ» አለ። ሰው ጭንቀቴን እንደ ሥራ ሲቆጥርልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ከጠረግሁ በኋላ እሱ እንደገና በአሴቶን ጠረገው፤ ከዚያ በኋላ ነው ብረቱን ያነሣው። ስንጥቁን ጫፉ ድረስ፣ ከጫፉም ትንሽ አልፎ ከፈተው። ደብ ደብ ባሉት በሁለቱ ቦታዎች ደግሞ እስከ ፋይበሩ ወርዶ የረጠበውን አወጣ፤ በፀሐይ አደረቀው፤ ሙጫ በጠጣ የፋይበር ጨርቅ ንብርብር አድርጎ ሞላው። ጄልኮቱን ያዋሐደው ፀሐይ ሲጠነክር ጠብቆ ነው። በኛ ብርድ አይደርቅም አለ። ማድረቂያውን ጨምሬ ላፋጥነው ብል ደግሞ ይደርቅና ይሰባበራል አለ። ስንጥቁን ከሞላ በኋላ ፌስታል ቀዶ በላዩ ለጠፈበት። አየር ከነካው ላዩ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይጠነክርም። በማግስቱ ፌስታሉን ልጦ፣ በውኃ እየነከረ፣ ከሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ወደ ለስላሳው እያለ እስከ ቀትር ፈተገው። ጥፍሬን በላዩ አሄድኩ። አልያዘበትም። ተመልሼ ደግሜ አሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዋ ውኃ ገባች። ልጄ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከዳሩ ቆማለች።

«ሰው ከመሳፈሩ በፊት አንድ ሰው ከጠገንኩት በላይ ይቀመጥና ወለሉን እየዳሰሰ ይሻገር» አለ ጠጋኙ። «ቢላላ፣ ቢረጥብ ያውቃል። እኔ ከዚህ ሆኜ ጎኗን አያለሁ።»

«ከእሷ ሌላ ማን አለ?» አሉ ካፒቴን እኔን እያዩ። «ሁለት ወር በሆዷ ተኝታ ስታስታምማት የኖረች።»

«እኔ ውኃ ላይ ወጥቼ አላውቅም» አልኩ።

«እኛስ ጤፍ ውኃ ላይ ጭነን እናውቅ ነበር? ከዛሬ ጀምሮ ግን እንጭናለን።»

ልጄ ቀድማኝ ገባችና እጇን ዘረጋችልኝ። ገባሁ። ከመሬት እግሬን ሳነሣ ጀልባዋ ከሥሬ ተንቀሳቀሰች፤ እንደ እንስሳ ትከሻ ነው የሚሰማው። ተቀመጥኩና መዳፌን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ዳሩ ራቀ። አባታችን ሆይ ልጀምር ብል የመጀመሪያው ቃል ጠፋኝ። መቅዘፊያው ውኃውን በመታ ቁጥር ወለሉ ከመዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያችን እንደ ከንፈር የተከፈተች መስመር አያታለሁ።

መሐል ላይ ስንደርስ መዳፌ ሥር ረጠበ።

«ረጥቧል» አልኩ። «ጋሼ፣ ረጥቧል።»

ካፒቴን መቅዘፍ አቆሙ። ልጄ ጎንበስ ብላ እጄን አነሣች፤ ወለሉን ዳሰሰች፤ ከዚያ መዳፌን ገልብጣ አየችው።

«እማዬ፣ ላብሽ ነው» አለች።

ካፒቴን መልሰው መቅዘፍ ጀመሩ። ልጄ እጄን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችና መልሳ ወለሉ ላይ አኖረችልኝ። ከዚያ በኋላ አልረጠበም። ረጥቦም ቢሆን እየጠረግሁ ነበር የምዳስሰው።

ማዶ ደረስን። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ልጄ ዘላ ወረደች፤ ጓደኞቿ ከላይ ከመንገዱ ቆመው ይጠሯታል። ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። አልዞረችም።

እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። መመለስ እንዳለ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«በእግሬ ዞሬ ብመለስስ?» አልኳቸው ካፒቴንን።

«ሦስት ሰዓት ነው» አሉ። «ደግሞ ያ ሰው ማዶ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ምን ልበለው?»

ወደ ማዶ አየሁ። ጠጋኙ እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ ጀልባዋን ያያል። ኋላው ልጆች ተሰልፈዋል፤ ፌስታላቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ይሳፈሩ ወይም አይሳፈሩ የሚባለው እኔ ከምነግረው ነው።

እጄን በነጠላዬ ጠረግሁ። እስኪደርቅ ትንሽ በነፋሱ ላይ ያዝኩት። ከዚያ መዳፌን መልሼ ወለሉ ላይ አኖርኩና «ይቅዘፉ» አልኳቸው።